የሚሸተው ሳብዉፈር፦ በጅማ በአንድ አሮጌ ኮሮላ ላይ የተሠራ የአምፕሊፋየር ሥራ

መኪናው በፈረንጆች አቆጣጠር የ1990ዎቹ ሥሪት የሆነ ቶዮታ ኮሮላ ነው። ባለቤቱ አዘቦት ቀን በጅማና በአጋሮ መካከል የቡና ነጋዴዎችን ሲያመላልስ ይውላል፤ የሰርግ ወቅት ሲደርስ ደግሞ መኪናውን አጥቦ፣ በአበባና በሪባን አስጊጦ ለአጃቢነት ያከራያል። ለአጃቢ መኪና ድምፅ ማለት ገበያ ነው፤ ሚዜዎች ከቀለሙ ቀጥሎ የሚጠይቁት ስለ ቴፑ ነው። ስለዚህ ሰውዬው ገንዘብ አጠራቅሞ አምፕሊፋየር (የቴፑን ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ) እና ባለ 12 ኢንች ሳብዉፈር (ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር) ከነሳጥኑ ገዛና አስገጠመ። ወደ እኔ የመጣው ከወራት በኋላ ነው። የመጣበትም ጉዳይ ሌላ ተለቅ ያለ አምፕሊፋየር እንዳማርጥለት ነበር።

"ጋሼ፣ ይኼኛው አቅም የለውም። ድምፁን ከፍ ሳደርገው ይጠፋብኛል" አለኝ።

ዘርዝሮ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። ቤዙ ሲመታ የፊት መብራቱ ይደበዝዛል። ድምፁ ከግማሽ በላይ ሲከፈት አምፕሊፋየሩ ቀይ መብራት አብርቶ ይዘጋል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይነሣል። ነዳጅ ሲሰጥ ከሞተሩ ዙር ጋር እየቀጠነ የሚወጣ ፉጨት በስፒከሮቹ ይሰማል፤ ለዚህም "ፉጨት ያጠፋል" የተባለ ማጣሪያ ገዝቶ አስገብቶበታል፤ አልጠፋም። መኪናው ሁለት ሦስት ቀን ቆሞ ከሰነበተ ጠዋት ሞተሩ አይነሣም። በመጨረሻም፣ እሱ እንደ ቀላል ነገር ጣል ያደረገው፣ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ፣ ብዙ ከተዘፈነ በኋላ ከኋላ ኮፈን የተቃጠለ ቫርኒሽ የመሰለ ሽታ ይመጣል።

እንዲህ ዓይነት ቅሬታ ይዞ የሚመጣ ሰው አምስቱን ነገር እንደ አንድ በሽታ ይቆጥረዋል፤ መድኃኒቱም ትልቅ አምፕሊፋየር ይመስለዋል። ለእኔ ግን ከአምስቱ አንዱም የአምፕሊፋየር አቅም ማነስ ምልክት ሆኖ አልታየኝም። እንዲያውም ተለቅ ያለው ቢገጠም ኖሮ መብራቱ የባሰ ይደበዝዝ፣ ባትሪው ቶሎ ይደክም፣ ሳብዉፈሩም ፈጥኖ ያርር ነበር። ስለዚህ ገንዘቡን በኪሱ እንዲይዝና መኪናውን ትቶልኝ እንዲሄድ ተስማማን።

በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት

የአምፕሊፋየሩ ካርቶን በትልልቅ ፊደል 2000 ዋት ይላል። በዚህ ሙያ ውስጥ የቆየ ሰው ካርቶን አያነብም፤ ፊውዝ ያነባል። በአምፕሊፋየሩ ጎን ላይ የተሰኩት ፊውዞች ሁለት ባለ 25 አምፔር ናቸው። በድምሩ 50 አምፔር ማለት ነው። የሚሠራ መኪና ቮልቴጅ 13.8 ቢሆን፣ 50 በ13.8 ሲባዛ 690 ዋት ይሰጣል። ይህ የሚገባው ኃይል ነው። ይህ አምፕሊፋየር ኤቢ የሚባለው ምድብ በመሆኑ ከሚገባው ውስጥ ወደ ድምፅ የሚለውጠው ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለውን ነው፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ በአልሙኒየም ሽፋኑ ይወጣል። ስለዚህ ፊውዙን ሳያቃጥል ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው ቢበዛ 400 ዋት አካባቢ ነው። 2000 የሚለው ቁጥር የገበያ ቁጥር ነው። በውስጡ ያለችው ትንሽ ወረቀት ግን ጨዋ ናት፦ በ4 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው፤ ሲያንስ አምፕሊፋየሩ የበለጠ ይጫናል) ለእያንዳንዱ ቻናል 150 ዋት፤ ሁለቱ ቻናሎች ተጣምረው እንደ አንድ ሲሠሩ፣ በሙያው ብሪጅ የሚባለው ማለት ነው፣ ጭነቱ ከ4 ኦም እንዳያንስ ትላለች።

ሳብዉፈሩም እንዲሁ 1200 ዋት ተብሎ ተጽፎበታል፤ ያለማቋረጥ የሚችለው ግን 400 ዋት መሆኑ ከስሩ በትንሹ ተመልክቷል። ሁለት ኮይሎች (ስፒከሩን የሚያንቀሳቅሱ የመዳብ ሽቦ ጥቅሎች) አሉት፤ እያንዳንዳቸው 4 ኦም።

አሁን ጥያቄው ሁለቱ ኮይሎች እንዴት ተያይዘዋል የሚለው ነበር። ሳጥኑን ሳልፈታ ገመዶቹን ከአምፕሊፋየሩ ነቅዬ በቴስተር ለካሁ። ርካሽ ቴስተር በዝቅተኛ ኦም ላይ ስለሚዋሽ አስቀድሞ ሁለቱን ጫፎች አነካክቶ የራሱን የገመድ ተቃውሞ ማየትና ከውጤቱ መቀነስ ያስፈልጋል። የእኔው 0.3 አሳየ፤ ሳብዉፈሩ ላይ ሳደርገው 2.1፤ ልዩነቱ 1.8 ኦም። ባለ 4 ኦም ኮይል በቴስተር ሲለካ 3.5 አካባቢ ያሳያል። ግማሹ 1.8 ገደማ መሆኑ ሁለቱ ኮይሎች ጎን ለጎን መያያዛቸውንና ጭነቱ 2 ኦም መሆኑን ይናገራል። አምፕሊፋየሩ ደግሞ ብሪጅ ተደርጓል። ብሪጅ ሲደረግ እያንዳንዱ ቻናል የሚያየው የጭነቱን ግማሽ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ቻናል በ1 ኦም ላይ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ቀይ መብራቱ የሚበራው ለዚህ ነው። አምፕሊፋየሩ ራሱን ከሞት እያዳነ ነበር።

መፍትሔው ሳጥኑን ከፍቶ የአንደኛውን ኮይል ኔጌቲቭ ከሁለተኛው ፖዘቲቭ ጋር ማገናኘት ነው። ሁለቱ ኮይሎች ተከታትለው 8 ኦም ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ቻናልም 4 ኦም ያያል፤ ይህም ወረቀቷ የምትፈቅደው ነው። ለባለቤቱ ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። "ኦሙ ሲጨምር ኃይሉ አይቀንስም እንዴ?" አለ። ይቀንሳል፤ ስሌቱ ትክክል ነው። በ8 ኦም ብሪጅ የሚገኘው ሁለት ጊዜ 150፣ ማለትም 300 ዋት ነው። ነገር ግን በየደቂቃው የሚጠፋ ትልቅ ኃይል ከማይጠፋ መካከለኛ ኃይል አይበልጥም። ሁለተኛው አማራጭ እስከ 2 ኦም የሚችል ባለ አንድ ቻናል አምፕሊፋየር መግዛት ነበር። ያን ግን ሌላው ነገር ሳይስተካከል አልመክርም አልሁት።

ገመድና ማሳ

የዚህ ሥራ እውነተኛ ችግር የተቀበረው እዚህ ላይ ነው፤ ጊዜዬንም የወሰደው ይኸው ነው።

ሞተሩ እየሠራ፣ ዘፈን ሳይከፈት፣ በባትሪው ራስ ላይ 13.9 ቮልት ነበር። ቤዝ ያለው ዘፈን ከፍተን በአምፕሊፋየሩ ራስ ላይ ስንለካ በየምቱ ወደ 10.8 ይወርዳል። ከ3 ቮልት በላይ የሆነ ቦታ ቀርቷል። የት እንደቀረ ለማወቅ የኦም መለኪያ አይረዳም። በ35 አምፔር አንድ ቮልት የሚበላ መጥፎ ግንኙነት ተቃውሞው 0.03 ኦም እንኳ አይሞላም፤ ቴስተሩ ይህን ከራሱ ገመድ ለይቶ ማየት አይችልም። የሚያዋጣው ኃይል እየተሳበ ሳለ ቮልቴጁን በየክፍሉ መለካት ነው። ረጅም ቀጭን ሽቦ ከባትሪው ስቤ፣ አንዱን የቴስተር ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በአምፕሊፋየሩ ፖዘቲቭ ላይ አደረግሁ፦ 0.9 ቮልት። ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ አምፕሊፋየሩ ማሳ (ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት ግንኙነት) ደግሞ 1.4 ቮልት። ባትሪው ራሱ በምቱ ወቅት ወደ 13.1 ይወርድ ነበር። 13.1 ሲቀነስ 0.9፣ ሲቀነስ 1.4፣ ይኸው 10.8። ሒሳቡ ሲገጥም ደስ ይላል።

ሰው ሁሉ ስለ ፖዘቲቩ ገመድ ይጨነቃል፤ ማሳውን ማንም አያየውም። እዚህ መኪና ላይ ግን ትልቁ ሌባ ማሳው ነበር። ቀድሞ የገጠመው ሰው የማሳውን ገመድ በኋለኛው መብራት አጠገብ፣ ቀለም ባልተፋቀ ስስ ላሜራ ላይ፣ በአንዲት የእንጨት ብሎን ነው ያሰረው። ብሎኗ የምትነካው የቀዳዳውን ጠርዝ ብቻ ነው፤ ዙሪያዋም ዝጓል። በጅማ ክረምት ውኃ በኋላ መብራት ጎማ በኩል ወደ ኮፈኑ ይገባል፤ የዝገቱ ምክንያትም እሱ ነው።

አዲሱን ማሳ ከተሽከርካሪው የጎማ ቅስት አጠገብ ወፈር ባለው ብረት ላይ አደረግነው። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብለጨልጭ ፋቅን፤ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን ከጥርሳም ሮንዴላና ከዳዶ ጋር አሰርን፤ ከታሰረ በኋላ ከላዩ ግሪስ ቀባን። ግሪሱ ከማሰሩ በፊት ሳይሆን በኋላ ነው የሚቀባው። የማሳው ገመድ ርዝመት ከ50 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ አደረግን። በፊት ኮፈን ውስጥ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ መኪናው አካል የሚሄደውን አሮጌ ገመድም ቀየርን፤ አምፕሊፋየሩ ከኋላ የሚመልሰው ኃይል ሁሉ በመጨረሻ በዚያች ገመድ ስለሚያልፍ እሷ ቀጭን ከሆነች የኋላው ድካም ከንቱ ነው።

ፖዘቲቩ ገመድ በላዩ "4 ጌጅ" ተብሎ ታትሞበታል። ባለ 4 ጌጅ መዳብ 21 ሚሊ ሜትር ካሬ መሆን አለበት። ልብሱ ወፍራም ነው፤ ሲገፈፍ ግን ውስጡ ያለው ሽቦ 8 ሚሊ ሜትር ካሬ አካባቢ ነው። አንዱን ክር በቢላዋ ስፍቀው ደግሞ ከመዳቡ ቀለም ስር ነጭ ወጣ፤ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ ስድስት አሥረኛ ገደማ ነው። በጅማ መርካቶ ውስጥ ለመኪና ድምፅ ተብሎ የሚሸጥ ንጹሕ መዳብ ፈልጌ የማምነው አላገኘሁም። የብየዳ ማሽን ገመድ ግን በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ አለ። ባለ 25 ሚሊ ሜትር ካሬው፣ ክሩ ደቂቅና ተጣጣፊ፣ ልብሱ ጠንካራ ጎማ ነው። እሱንም ቢሆን ክሩን ፍቆ መዳብ መሆኑን ሳያረጋግጡ መግዛት አያስፈልግም። ከባትሪ እስከ ኋላ ኮፈን ለሚሄደው 5 ሜትር በ35 አምፔር የሚጠፋው ቮልቴጅ በዚህ ገመድ 0.12 አካባቢ ነው፤ በአሮጌው ግን ገመዱ ብቻውን 0.6 ይበላ ነበር፤ ቀሪው 0.3 የፊውዝ ቤቱ ነው።

ስለ ፊውዝ ቤቱ አንድ ነገር ልበል፤ ይህ ከድምፅ በላይ ነውና። የተገጠመው በዳሽቦርዱ ስር ነበር። ከባትሪው እስከዚያ ያለው ገመድ ምንም መከላከያ ሳይኖረው፣ ያለ ጎማ ቀለበት፣ ስለታም ጠርዝ ባለው የብረት ግድግዳ ቀዳዳ ያልፋል። ልብሱ አንድ ቀን ተፋቅቆ ብረት ቢነካ የሚያቆመው ነገር የለም፤ ገመዱ ራሱ ይቀላና መኪናው ይቃጠላል። ፊውዙ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ሳይሆን ገመዱን ነው፤ ስለዚህ ከባትሪው ራስ ከ45 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ መቀመጥ አለበት። ባለ 60 አምፔር አደረግነው፤ በቀዳዳው ላይም የጎማ ቀለበት ገባ።

የጠዋቱ የባትሪ ድካም በአንጻሩ ቀላል ነበር። አምፕሊፋየሩን የሚያስነሣው ሪሞት የሚባለው ቀጭን ገመድ ከቴፑ መምጣት ሲገባው፣ በአምፕሊፋየሩ በራሱ ፖዘቲቭ ላይ ታስሯል። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ቁልፉ ተነቅሎም ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ያድራል። ያለ ዘፈን የሚስበው 0.9 አምፔር ነበር፤ በአንድ ቀንና ሌሊት ወደ 21 አምፔር ሰዓት ይደርሳል። የመኪናው ባትሪ 45 አምፔር ሰዓት የሚይዘው ኤንኤስ 60 ነው፤ በሁለተኛው ቀን ምን እንደሚተርፈው ግልጽ ነው። ከቴፑ ጀርባ ነጭ መስመር ያለውን ሰማያዊ ገመድ ፈልገን አገናኘነው፤ አለቀ።

ፉጨቱም ከማሳው ጋር ሄደ ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ለፉጨት የድምፅ ምልክት የሚያመጣውን የአርሲኤ ገመድ ይከስሳል፤ ውድ ገመድ ይገዛል፤ ማጣሪያ ይገዛል። እዚህ ግን የአምፕሊፋየሩ ማሳና የቴፑ ማሳ በመካከላቸው ከ1 ቮልት በላይ ልዩነት ነበራቸው። ያ ልዩነት መንገድ ሲፈልግ በአርሲኤው የሽፋን ሽቦ በኩል ይሄዳል፤ የዲናሞውንም ንዝረት ይዞ ይገባል። ማሳው ሲስተካከል ፉጨቱ ጆሮ ተጥሎ ካልሆነ የማይሰማ ሆነ። የአርሲኤውን ገመድ ከኃይል ገመዱ ለይተን በመኪናው በቀኝ በኩል ወስደን፣ የተገዛውንም ማጣሪያ አውጥተን፣ መኪናውን በጂሬን ዳገት ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሁለተኛ ማርሽ አስጮህነው። ዝም።

ሳጥኑ

አብሮ የተገዛው ሳጥን የቺፑድ ነው፤ የአየር ቀዳዳም አለው። የታችኛው ጠርዙ ውኃ ጠጥቶ አብጦ በማዕዘኑ በኩል አየር ያፏጫል። ቺፑድ አንዴ ካበጠ አይመለስም። ሦስት እግር ያለውን በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣ ከተማ ለሳጥን አናጢ አያጣምና ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ አስቆርጠን አዲስ አሠራን። የውስጥ ልኩ 40 በ36 በ25 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 36 ሊትር፤ የሳብዉፈሩ አካል የሚይዘው ሲቀነስ 33 ገደማ ይቀራል። መጋጠሚያው በኮላና በብሎን፤ ውስጡ በሲሊኮን ተለስኖ፣ ሳብዉፈሩ ከመግባቱ በፊት የሲሊኮኑ ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ ክፍት አደረ፤ ተኑ የስፒከሩን ማጣበቂያና ጠርዝ ሊጎዳ ይችላል።

ድፍን ሳጥን እንዲሆን የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ባለቤቱ አልወደደውም። ቀዳዳ ያለው ሳጥን በተወሰነ ድግግሞሽ ዙሪያ በጣም ይጮኻል፤ ለሰርግ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ነገር ግን ቀዳዳው ከተቃኘበት በታች ያለው ድምፅ ሲመጣ አየሩ ሳብዉፈሩን መደገፉን ይተዋል፤ የሳብዉፈሩ ወረቀት፣ ማለትም እየተንቀሳቀሰ ድምፅ የሚያወጣው ክፍል፣ ያለ ገደብ ይወዛወዛል። ይህን የሚከላከል ማጣሪያ በአምፕሊፋየሩ ላይ ቢኖር ኖሮ ልስማማ እችል ነበር፤ የለም። በድፍን ሳጥን ውስጥ የታፈነው አየር ራሱ ለሳብዉፈሩ ልጓም ነው። ከበሮና ቤዝ ጊታርም በድፍን ሳጥን ተለይተው ይሰማሉ፤ በአሮጌው ሁሉም ምት አንድ ዓይነት "ድም" ነበር።

ጌን

ማስተካከሉን የጀመርነው ሁሉንም ነገር ዜሮ በማድረግ ነው። አምፕሊፋየሩ ላይ ጌን የሚባለው ቁልፍ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ፣ የቤዝ ማጎልበቻው በ12 ዲሲቤል ላይ ተቀምጦ ነበር። 12 ዲሲቤል ማለት በዚያ ድግግሞሽ ላይ 16 እጥፍ ኃይል መጠየቅ ነው። አምፕሊፋየሩ 16 እጥፍ የለውም፤ ስለዚህ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል። ጫፉ ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ ሞገድ ቁመቱ እኩል ከሆነ ንጹሕ ሞገድ እጥፍ ኃይል ወደ ኮይሉ ይልካል፤ ኮይሉም ይግላል። የመዳብ ተቃውሞ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.4 በመቶ ገደማ ስለሚያድግ፣ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ የጨመረ ኮይል ተቃውሞው 40 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ድምፁም ይቀንሳል። ሹፌሩ ድምፁ ሲቀንስበት ደግሞ ጨምሮ ይከፍታል። ሽታው የመጣው ከዚህ አዙሪት ነው።

ጌን ድምፅ መጨመሪያ ሳይሆን ከቴፑ የሚመጣውን የምልክት መጠን ከአምፕሊፋየሩ አቅም ጋር ማስታረቂያ ነው። ስለዚህ ከቴፑ ተጀመረ። በቴፑ ላይ ቤዝ፣ ትሬብልና ላውድነስ ጠፍተው፣ ባለ 50 ሄርዝ ንጹሕ የሙከራ ድምፅ በፍላሽ ተከፈተ። ከስልክ በብሉቱዝ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ስልኩም የራሱን ድምፅ ስለሚቀንስና ስለሚጨምር ውጤቱ አይታመንም። አንድ የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪ በእጅ የሚያዝ ኦሲሎስኮፕ (የሞገዱን ቅርጽ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ይዞልኝ መጥቶ ነበር። የቴፑ ድምፅ ከ0 እስከ 40 ይሄዳል፤ ሞገዱ 34 ላይ ጫፉ መደፍጠጥ ጀመረ። 32ን ከፍተኛው ንጹሕ ደረጃ አድርገን ያዝን።

ከዚያ ስፒከሩ ተነቅሎ፣ የዝቅተኛ ድምፅ ማሳለፊያው (ቤዙን ብቻ የሚያሳልፈው ማጣሪያ) ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ ቴፑ 32 ላይ ሆኖ በአምፕሊፋየሩ መውጫ ላይ የኤሲ ቮልት ተለካ። የሚፈለገው ቮልት ኃይሉን በኦሙ አባዝቶ ስኩዌር ሩቱን መውሰድ ነው፤ 300 በ8 ሲባዛ 2400፣ ስኩዌር ሩቱ 49 ቮልት። ቴስተር ብቻ ያለው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ መጥፎ አይደለም። እኛ ግን ኦሲሎስኮፕ ስለነበረን ስፒከሩን መልሰን አገናኝተን ለጥቂት ሴኮንድ ሞከርነው። ጭነት ሲኖረው ሞገዱ 44 ቮልት ላይ መደፍጠጥ ጀመረ። ስለዚህ 42 ላይ ተውነው፤ ይህ 220 ዋት ነው። ወረቀቷም ትንሽ አጋንናለች ማለት ነው። የጌኑ ቁልፍ ያረፈው ከሩብ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ቦታው በቀለም ምልክት ተደረገበት፤ የቤዝ ማጎልበቻው ዜሮ ላይ ቀረ።

የዝቅተኛ ድምፅ ማሳለፊያው 80 ሄርዝ ላይ ተቀመጠ። ትልቁ የቤዝ ጊታር ክር 41 ሄርዝ ላይ ስለሆነ ዋናው ሥራ ከ80 ሄርዝ በታች አለ። በቴፑ ውስጥ ያለው ተመሳሳይ ማጣሪያ እንዲጠፋ ተደረገ፤ ሁለቱ ሲደራረቡ በመካከል ጉድጓድ ይፈጥራሉ። የቀረው የበር ስፒከሮቹ ጉዳይ ነው። እነሱ ቤዙን ለማውጣት ሲታገሉ ይንቀጠቀጡና ዘፋኙን ያጨልሙታል፤ ቴፑ ደግሞ ቤዙን የሚከለክልላቸው ማጣሪያ የለውም። ለእያንዳንዱ በር ሁለት ባለ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች ኔጌቲቫቸውን ገጥመን በፖዘቲቩ ገመድ ላይ በተከታታይ አስገባን። አንድ ላይ 500 ማይክሮፋራድ ይሆናሉ፤ በ4 ኦም ስፒከር ላይ ይህ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ቀስ እያለ ይቀንሳል። ከሬዲዮ ጠጋኝ ቤት የሚገኝ ርካሽ ነገር ነው፤ በዚህ መኪና ላይ ካደረግነው ሁሉ ጆሮ ፈጥኖ የሚለየውም ይኸው ሆነ።

በመጨረሻ ባለ 80 ሄርዝ ድምፅ ከፍተን፣ በሹፌሩ ወንበር ተቀምጠን የሳብዉፈሩን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አገላበጥን። በአንደኛው ሁኔታ የበሮቹና የሳብዉፈሩ ድምፅ ይጠፋፋል፤ በሌላው ይደጋገፋል። የተገላቢጦሹ በለጠ፤ እንደዚያው ተውነው።

የሰርግ አጀብ

ባለቤቱ መጥቶ መጀመሪያ ሲሰማው "ቀነሰ" አለ። ቴፑ 20 ላይ ነበር። ወደ 32 እንዲያደርሰው ነገርኩት። ከዚህ በፊት 32 ላይ ደርሶ አያውቅም፤ ከ20 ሳያልፍ ይጠፋበት ነበር። በሮቹን ከፍቶ ወደ መንገዱ ወጥቶ አዳመጠ፤ ከዚያ ከጎረቤት ሻይ ቤት ሰዎች ብቅ ሲሉ ፈገግ አለ። በምቱ ወቅት በባትሪው ራስ ላይ 13.5፣ በአምፕሊፋየሩ ራስ ላይ 13.2 ቮልት ለካን። የፊት መብራቱ አይንቀሳቀስም።

ሆኖም የሰርግ አጀብ ከአጋሮ መንገድ የተለየ ፈተና አለው። መኪናው በዝግታ ይሄዳል ወይም ቆሞ ይጮኻል፤ መብራቱ በርቷል፤ አራቱም ፍሬቻዎች ይበራሉ፤ የሞተሩም ዙር ዝቅ ያለ ነው። በዲናሞው ላይ የተጻፈው 70 አምፔር ሞተሩ በደንብ ሲዞር የሚገኝ ነው፤ በዝቅተኛ ዙር ግማሹ ቢገኝ ጥሩ ነው። መኪናው ለራሱ 20 ያህል ከወሰደ ለዘፈኑ የሚተርፈው ጥቂት ስለሆነ ቀሪው ከባትሪው ይሳባል። ስለዚህ በሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካ ትንሽ የቮልት መለኪያ አስገባንለት። ቁጥሯ ከ12.4 በታች ስትወርድ ድምፁን ይቀንሳል ወይም ነዳጅ ሰጥቶ ዙሩን ያነሣል።

ከመጀመሪያው ሰርግ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ሽታ የለም፤ አምፕሊፋየሩም እጅ የሚያቆይ ሙቀት ነበረው እንጂ አልዘጋም። የታርጋው መንቀጥቀጥ ግን አስጠልቶታል፤ ከኋላው ጎማ ለጠፍንበት። ሁለተኛ ሳብዉፈር ስለመጨመር ጠየቀኝ፤ ከዲናሞው በፊት አይሆንም አልሁት፤ የሚበልጥ ዲናሞ ዋጋ እያጠያየቀ ነው። የኋላ መብራቱን ጎማ በልኩ እስካሁን አላገኘንም፤ ለጊዜው በሲሊኮን ተደፍኗል፤ ሳጥኑም ከኮፈኑ ወለል 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በሁለት አጣና ላይ ተቀምጧል።